እሑድ ቤት መዋልና አብሮ እራት መብላት

በማኅበራችን የመጋቢት ወር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ቤይሩት፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች ገጥመዋል፤ ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን አምስት ቀን ቆይቶ ተከተለ። ስለዚህ ዛሬ ቡናውን የምትጠጡት ግማሻችሁ ናችሁ፣ የቀራችሁት በሽታው ብቻ ነው የምትሸኙት። ቻሉን።

ስለ ዕረፍት ቀን ተናገሪ ተብዬ ነው የቆምኩት። ሕጉን አንብቤላችሁ ልቀመጥ እችል ነበር፣ ሕጉም ይመጣል። መጀመሪያ ግን ስለ ባለፈው እሑድ ልንገራችሁ። ምንም ነገር ያልተፈጠረበት እሑድ ነበር። እዚህ አገር ምንም ያልተፈጠረበት ቀን ስንት እንደሚያወጣ መስከረምና ጥቅምትን እዚህ ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል።

ዝናቡ ቅዳሜ ማታ ቆመ። እሑድ ጠዋት የተነሣሁት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ሰዓት! የሚጠራኝ ደወል የለ፣ «ያላ» የሚል የለ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ከቅዳሴ አልተመለሰችም። መስኮቱን ስከፍት ጎረቤት ያለው የሎሚ ዛፍ አብቧል፣ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ልብሴን አጠብኩና ጣራ ላይ አሰጣሁ። የራሴን ልብስ ብቻ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለሌላ ሰው ብነግረው አይገባውም፣ እናንተ ግን ታውቁታላችሁ፤ ከሰባት ሰው ልብስ መሀል ተፈልጎ ያልወጣ፣ ብቻውን ገመድ ላይ የተሰጣ የራስ ልብስ። እዚያው ፀሐይ ላይ ተቀምጬ እናቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ብር ሳይነሣ ሃያ ደቂቃ አወራን። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ስለ ጉልበቷ። ኢንተርኔቱም ሁለቴ ብቻ ነው የተቋረጠው።

ከሰዓት በኋላ ዶራ ወርጄ ሽንኩርትና ቆስጣ ገዛሁ። እሸት ባቄላ በየጋሪው ወጥቷል። በመጋቢት እሸት! እኛ ጋ እሸት የመስከረምና የጥቅምት ነው፤ እዚህ ስንት ዓመት ቢኖሩም ይህ አይለመድም። አንድ ኪሎ ገዛሁና ሌሎቹ እስኪመጡ እየፈለፈልኩ ቆየሁ።

ማታ ስምንት ሆንን። ሦስቱ ሙስሊሞች ናቸው። ክፍሏ ለአራት ሰውም አትበቃም፣ አልጋው ላይም መሬትም ተቀምጠን ትሪውን መሀል አደረግነው። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ቆስጣ፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ተምር። እንጀራው ጤፍ አይምሰላችሁ፤ ስንዴና የበቆሎ ዱቄት ነው፣ ዓይን ግን አውጥቶልናል። የጾም ምግብ ጥሩነቱ ለሁላችንም መሆኑ ነው፤ ክርስቲያኑም ይበላዋል፣ ሙስሊሙም ያፈጥርበታል። እኛ እሑድ ስለሆነ ከቅዳሴ በኋላ መብላት እንችል ነበር፣ ግን ጠበቅናቸው። ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ገደማ አዛን ተባለ፣ ተምሩ ዞረ፣ ሁላችንም አንድ ላይ ቆረስን። ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ኢሽቲራኩ ጠፋ። ሻማ አበራን። እናንተዬ፣ ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል ስለ ማዳም ያነሣ ሰው አልነበረም። ይህ በእኛ ቤት ሪከርድ ነው።

በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ ነገር አልሆነም።

ታዲያ ይህን ለምን ታወሪናለሽ ትሉኝ ይሆናል። «እሑድ ቤት ዋልኩ» የሚለው ቃል ለሁላችንም አንድ ስላልሆነ ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ እሑድ ቤት ትውላላችሁ፣ የሰው ቤት። እሱ ዕረፍት ይባላል፣ በወረቀት ላይ። ጧት «ዛሬ ዕረፍትሽ ነው፣ ተኚ» ይሏችኋል፣ አምስት ሰዓት ላይ እንግዳ ይመጣል፣ «ሐቢብቲ፣ ቡና ብቻ አፍዪልን»። ከቡናው በኋላ ሲኒው አለ። ከሲኒው በኋላ ልጁ ያለቅሳል። ማታ ላይ ስትቆጥሩት ስምንት ሰዓት ሠርታችኋል፣ ማንም ግን ሠራች አይልም። ለእኔ ቤት ማለት ስሜን ጠርቶ ሊያስነሣኝ የሚችል ሰው የሌለበት ቦታ ነው። የኪራይ ክፍል ይሁን፣ የጓደኛ ፍራሽ ይሁን፣ እሱ ሁለተኛ ጉዳይ ነው።

አሁን ሕጉ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የ1946 እ.ኤ.አ. ሕግ ነው፣ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ ያደርጋታል። ስለዚህ «የሥራ ሕጉ ይጠብቀኛል» ብላችሁ አትከራከሩ፣ እነሱም ያውቁታል። ያላችሁ ውሉ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. አንድ ወጥ ውል ወጥቷል፤ ብዙዎቻችን ፈርመነዋል፣ በማናነበው አረብኛ። እዚያ ላይ በሳምንት ከ24 ተከታታይ ሰዓት የማያንስ ዕረፍት ይሰጣል ይላል። «ተከታታይ» የሚለውን ቃል ያዙ። ዛሬ ሦስት ሰዓት፣ ነገ ሁለት ሰዓት እየተባለ ተቆራርጦ የሚሰጥ አይደለም። ክፋቱ፣ እዚያው ላይ ዕረፍቱ እንዴት እንደሚውል በሁለቱ ወገን ስምምነት ይወሰናል ይላል። ቀዳዳው እሱ ነው፣ በሩ የሚቆለፈው በዚያ ቀዳዳ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ የሥራ ሚኒስቴር የተሻለ ውል አውጥቶ ነበር። በወሩ የሹራ ምክር ቤቱ አገደው። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነን።

በዓለም ደረጃ የሥራ ድርጅቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ቁጥር 189 አለ። የቤት ሠራተኛ በሳምንት 24 ተከታታይ ሰዓት ታርፋለች፣ በዕረፍቷ ጊዜም ቀጣሪዋ ቤት እንድትቆይ አትገደድም፣ ፓስፖርቷንም ራሷ የመያዝ መብት አላት ይላል። ሊባኖስ አላጸደቀችውም። ታዲያ ምን ይጠቅመናል? የምንጠይቀው ነገር ቅብጠት እንዳልሆነ ለራሳችን ለማወቅ ይጠቅመናል። ጋዜጣችን ኩዌትና ኳታር ላሉት እህቶቻችንም ስለሚደርስ፦ በኩዌት የ2015ቱ ሕግ ቁጥር 68፣ በኳታር የ2017ቱ ሕግ ቁጥር 15 ሁለቱም ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ያዛሉ። እዚያ ውል ብቻ ሳይሆን ሕግ ነው። ሕግ መኖሩና በሩ መከፈቱ ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን ደግሞ እነሱ ከእኔ በላይ ይነግሯችኋል።

ኮንትራት ቤት ላላችሁት። ቀኑን በአንድ ጊዜ ያገኘ ሰው ብዙ አላየሁም። ያገኙት በትንሽ ጀምረው ነው። «መውጣት እፈልጋለሁ» ከማለት «እሑድ ከሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ቅዳሴ ልሂድ» ማለት ይሻላል። ሰዓቱ ሲታወቅ ፍርሃታቸው ይቀንሳል። የሚጠየቀውም ማዳም ስትቆጣ ወይም እንግዳ ሲመጣ አይደለም፣ ደመወዝ በተሰጠ ማግስት ነው። በተባለው ሰዓት ተመለሱ፣ ለሁለት ወር። ከዚያ ስምንት ሰዓት አሥር ይሆናል። ይህን ስል ጥፋቱ የእናንተ ነው፣ በደንብ ስላልጠየቃችሁ ነው ማለቴ አይደለም። በጨዋ ደንብ ጠይቀው ዓመት ሙሉ ሰማይን በበረንዳ ብቻ ያዩ አሉ።

ከትናንት ወዲያ ዓርብ፣ መጋቢት 12፣ የእናቶች ቀን ነበር። እዚህ አገር የጸደይ መግቢያ ቀን ነው የሚያከብሩት። ስንቶቻችን ለማዳም እናት ኬክ ስንሸከምና ትልቅ ድግስ ስናበስል ዋልን? ስንቶቻችንስ እናቶች ነን? አንዲት እህት ማታ አሥራ አንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፤ ልጇ አገር ቤት ስለ እናቶች ቀን ምንም እንደማያውቅ፣ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ አበባ ስትቀበልና ውሃ ስታጠጣ እንደዋለች። እሷ ከዚያ ቤት ከወጣች ዘጠኝ ወሯ ነው፣ ለቆሻሻ ብቻ። ለእንደሷ ላሉት ባለፈው እሑድ ያደረግነው ይህ ነው፦ ስልኩን ትሪው አጠገብ አስቀመጥን፣ ደወልንላት፣ እሷ በኩል ድምፁን ቀንሳ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። አላወራችም፣ ማውራት አትችልም። እኛ ግን ስሟን እየጠራን «ጉርሻሽ ይኸው» እያልን በላን። ቀልድ ይመስላል። እሷ ግን ስልኩን አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አልዘጋችውም።

ወደ ፍሪላንሶች ልምጣ፣ እኔም ከእናንተው ነኝና። እኛ በር የሚቆልፍብን የለም፣ እሑዳችንን ግን በራሳችን እጅ እንሸጠዋለን። የሰኞ ቤት፣ የማክሰኞ ቤት፣ እያለ ቅዳሜ ድረስ ይሞላል፣ ከዚያ አንዷ ማዳም «እሑድ ብትመጪ ትንሽ እጨምራለሁ» ትላለች። ልጅ ትምህርት ቤት አለ፣ የክፍል ኪራይ አለ፣ ኢቃማ ለማደስ የሚከፈለው አለ። ስለዚህ የሸጠችውን አልፈርድባትም። አንድ ነገር ግን እላለሁ፤ በወር አራት እሑድ ካለ ሁለቱን አትንኩ። ሁለቱን ሽጡ፣ ሁለቱን አትንኩ። የማያቋርጥ ሥራ ገንዘቡን መልሶ እንዴት እንደሚበላው የወገብ ቀበቶ ታጥቃችሁ የተቀመጣችሁት ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ እራቱ። እራቱ ለሆድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አላስቆማችሁም።

በጥር ወር አንዲት እህታችን ሁለት እሑድ ተከታትላ ቀረች። በመጀመሪያው ሥራ ይዟት ነው አልን። በሁለተኛው ስልኳ ይጠራል፣ አይነሣም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ትሪው ዙሪያ ሁሌም አንድ ቦታ የሚቀመጥ ሰው ሲቀር ቦታው ይታያል። በዋትሳፕ ቡድን ውስጥ መቶ ሃያ ሰው አለን፣ ማን ዝም እንዳለ ማን ያውቃል? በሦስተኛው ቀን ሁለት ልጆች ሄዱ። አብራት የምትኖረው አገር ቤት ገብታለች፣ እሷ ብቻዋን ተኝታለች፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፣ ለአራት ቀን ከውሃ በቀር አልቀመሰችም። የሐሞት ከረጢት ጠጠር ነበር። ሆስፒታሉ ተቀማጭ ካልተከፈለ አላስተኛም አለ፣ በዚያ ሌሊት ተዋጥቶ ተከፈለ። አሁን ደኅና ናት፤ እዚሁ ተቀምጣለች፣ ስሜን አትጥሪ ስላለችኝ አልጠራም።

ስትድን ጠየቅናት። ለምን አልደወልሽም? የሁለት ወር እቁብ አልከፈለችም። አፍራ ነው የቀረችው። እቁቡን የምንሰበስበው እራቱ ላይ ነበርና፣ እራት መምጣት ማለት ደብተሩ ፊት መቀመጥ ማለት ሆኖባት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እቁቡን ከእራቱ ለየነው። እቁብ በወሩ መጀመሪያ ሐሙስ ለዳኛዋ በስልክ ይታወቃል፣ ገንዘቡ በእጅ ይደርሳል፣ እራት ላይ ደብተር አይወጣም። ለእራቱም መዋጮው እንዳቅም ነው፤ አንዷ ሽንኩርት፣ አንዷ ዘይት፣ ምንም የሌላት ሰሐን ታጥባለች። ሰሐን ማጠቡን እንኳ ያስቀረነው ነበር፣ ሳምንቱን ሙሉ ስታጥብ የከረመችን ሰው በእሑዷ ማሳጠብ ደስ ስለማይል። ግን ባዶ እጇን የመጣች ሰው አንድ ነገር ማድረግ ትፈልጋለች። ተውናት። በእናንተም ቡድን እቁብና እራት አንድ ላይ ከሆነ፣ እባካችሁ ለዩት።

ያለፈው እሑድ መጻጉዕ ነበር። ክርስቲያኖቹ ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት በመጠመቂያው ዳር ተኝቶ የነበረ ሰው ነው። ውሃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ይድናል፣ እሱን አንሥቶ የሚያስገባው ሰው ግን የለውም። ሕመሙን አይደለም የተናገረው፣ ሰው ማጣቱን ነው። ሳምቡሳውን ስትጠብስ የነበረችው ሙስሊሟ ጓደኛችን ይህን ስትሰማ «እሱም ስደተኛ ነበር እንዴ?» አለች። ሳቅን። እኔ ግን እስካሁን አስበዋለሁ።

በጦርነቱ ጊዜም እንዲሁ ነበር። መስከረም 13 ድብደባው ሲበረታ ብዙ ቀጣሪዎች መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ፣ ሠራተኞቻቸውን ቤት ቆልፈው ወይም መንገድ ላይ ጥለው። መጠለያ ስንሄድ ለዜጋ ብቻ ነው የተባልን አለን። ባሕሩ ዳር ያደራችሁም እዚህ አላችሁ። ያን ሰሞን ማን የት ሰፈር፣ የትኛው ፎቅ ላይ እንዳለች የታወቀው ከመዝገብ አልነበረም። አብረዋት እራት የበሉ ሰዎች ናቸው ያወቁት፤ «እሷ ከሱቁ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ናት፣ ሊፍቱ አይሠራም» ብለው መንገድ የጠቆሙት። ኅዳር 18 ተኩሱ ሲቆም የእኛ ቡድን ሰው አልጎደለበትም። ይህን በመኩራት አይደለም የምለው፣ የጎደለባቸው አሉና።

ሁለት ሦስት ነገር ልጨምርና ልቀመጥ፣ ሰዓት እያዩ ያሉ አሉ።

የሀገር ቤት ፖለቲካ ትሪ ላይ አይቀርብም። የፈለገ ከቡና በኋላ በረንዳ ወጥቶ ይጨቃጨቅ። ወንድሙ የሞተባት ልጅና የሌላኛው ወገን ወንድም ያላት ልጅ ከአንድ ትሪ የሚበሉበት ቤት ነው የእኛ፤ ያን ትሪ ለፌስቡክ ወሬ አንሰብረውም። ሐዘን ከሆነ ግን ይነገራል፣ አብረን እናለቅሳለን።

አዲስ የመጣችን ልጅ «ነይ» ብላችሁ ብቻ አትተዋት፣ ሄዳችሁ አምጧት። መንገድ አታውቅም፣ ሰርቪስ ሾፌር የጠየቃትን ትከፍላለች። ስትመጣም ታሪኳን አታስወሯት። የመጀመሪያ ቀን ትብላ። የደረሰባትን በራሷ ጊዜ ትናገራለች፣ ምናልባት በአራተኛው እሑድ።

ስትመለሱ ሁለት ሁለት ሁኑ። ኢቃማ የሌላት ልጅ ኬላ ባለበት መንገድ ብቻዋን አትሂድ፣ ካልሆነም እዚያው ትደር፤ ፍራሽ አይጠፋም። ቤት የደረሰ «ገባሁ» ብሎ ይጻፍ። አንድ ቃል ነው። የመጨረሻዋ «ገባሁ» እስክትመጣ የማትተኛ አንዲት ሰው በየቡድናችሁ መድቡ፣ በየሳምንቱ ተራ ይሁን፣ አለበለዚያ ሁሌም አንዷ ናት የማትተኛው።

የሚቀጥለው እሑድ መጋቢት 21 ነው። እሑድ ለሊቱን ሰዓት አንድ ወደፊት ይገፋል፣ ስልካችሁ ራሱ ይቀይረዋል፣ ግን የግድግዳ ሰዓት ያላችሁ አስተካክሉ። የዛሬ ሁለት ዓመት በ2015 ይህ ሰዓት ጉዳይ አገሩን ለሁለት ከፍሎት ማዳም በአንድ ሰዓት፣ ሚስተር በሌላ ሰዓት ሲኖሩ እኛ በሁለቱም ሰዓት ቁርስ ስናቀርብ የከረምነውን አልረሳሁም። ኢድ ጨረቃዋ ከታየች ያው እሑድ ነው፣ ካልታየች ሰኞ ነው። እሑድ ከሆነ ሙስሊሞቹ ሥጋ ይበላሉ፣ ክርስቲያኖቹ ገና ጾም ላይ ናቸው። ስለዚህ ሁለት ድስት ይኖራል፣ ማንኪያ እንዳይቀላቀል ሁለት ቀለም ማንኪያ ገዝቻለሁ፤ ቀዩ ለፍስክ፣ አረንጓዴው ለጾም። ዶሮውን ሦስቱ ይዘውታል። ምስር አለ። ዘይት አለ። ሽንኩርት ግን እስካሁን እኔ አመጣለሁ ያለ ሰው የለም፤ አምስት ኪሎ ያስፈልጋል፣ ከመውጣታችሁ በፊት በሩ ላይ ካለችው ልጅ ጋር ስማችሁን አስመዝግቡ።